በእሳቸው እጅ ያሳበብኩት

ስለ ግራፋይት ያስተማርኩት ሁሉ ሐሰት አልነበረም። ይህን የምለው ጥፋቴን ለማሳነስ አይደለም፤ ጥፋቱ የተደበቀው እውነት በሆነው ክፍል ውስጥ ስለነበር ነው። ግራፋይት፣ ያ የእርሳስ ጥቁር፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ ካርቦን ነው። በአንዱ ገጽ ላይ ያሉት አተሞች በ0.142 ናኖሜትር ርቀት ጠብቀው ተያይዘዋል፤ በገጽና በገጽ መካከል ያለው ርቀት ግን 0.335 ነው፤ ትስስሩም የላላ ነው። ስለዚህ ገጾቹ ይንሸራተታሉ፣ ሰበቃ ይቀንሳል እል ነበር።

የቀረውን አላውቅም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር። ግን አንብቤዋለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጣም ከፍ ብለው በሚበሩ አውሮፕላኖች ውስጥ ከግራፋይት የተሠሩ የጄኔሬተር ካርቦኖች (ብሩሾች) ቶሎ እየተበሉ ዱቄት ይሆኑ ነበር። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪ የነበረው ሳቬጅ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ምክንያቱን አሳየ፦ ግራፋይት የሚያለሰልሰው የውሃ ተን ወይም ሌላ ተስማሚ ተን ሲያገኝ ነው። ተኑ ከሌለ የገጾቹ ጠርዝ ይያያዛል፤ ይፋተጋል፣ ይበላል። ይህን አንብቤ «ልዩ ሁኔታ ነው» ብዬ አለፍኩት። ለምን እንዳለፍኩት ብዙ አስቤበታለሁ። ጊዜ አጥሮኝ አይደለም። ሰሌዳው ላይ የምስለው ሥዕል ያምር ነበር፤ ተማሪዎች ወዲያው ይረዱታል፣ እኔም እንደ አዋቂ እታያለሁ። «ተን ካለ» የሚለው ቃል ያንን ያበላሽብኝ ነበር።

በኋላ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን መጡ። «መምህር፣ ቫኩም ውስጥ የሚዞር ኩሽኔታ አለ። ዘይት ይተንብናል፤ ምን ላድርግበት?» አሉኝ። ግራፋይት አልኳቸው፤ ሳላመነታ። ኩሽኔታው ብዙ ሳይቆይ ተበልቶ መዞር አቃተው። አለቃቸው ሲጠይቁኝ «አገጣጠሙ ላይ ችግር ሳይኖር አይቀርም» አልኩ። ያን ጊዜ እንኳ፣ ይመስለኛል፣ ያልኩትን በከፊል አምኜበት ነበር።

ቴክኒሻኑ ግን መልስ ሳይሰጡ ፈትተው አሳዩን። አገጣጠሙ እንከን የለውም። ዘንጉ ላይ የቀረው ደረቅ ጥቁር ዱቄት ነው። እሱን ሳይ ስለ አውሮፕላኖቹ ያነበብኩት ወዲያው መጣልኝ። ያኔ የተማርኩት አዲስ ነገር አልነበረም፤ የማውቀውን ነው ያስታወስኩት። እዚያው መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። ምክሩን የሰጠሁት በቸልተኝነት ነው ልበል፤ ዝም ያልኩት ግን እያወቅኩ ነው፣ ምክንያቱም ከእኔ ስም የእሳቸው እጅ ቢታማ ቀለለኝ።

ቆይቼ ሄጄ ነገርኳቸው። የጠየቁኝ ታዲያ ምን ይሻላል ብለው ብቻ ነው። ሞሊብደነም ዳይሰልፋይድ፣ ተን የማይሻ፣ ቫኩም ውስጥ የሚሠራ፣ አልኳቸው። ሰበብ ያደረግኳቸው ግን በአለቃቸው ፊት ነበር፤ ያመንኩት ለብቻቸው። አለቃቸው ዘንድ ሄጄ ቃሌን አላነሳሁም፤ አለቃውም ያንኑ እንዳመኑ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ።