ውስጡን ለቄስ፦ የአንዲት አሮጌ ጀልባ የኋላ ግድግዳ

ፋይበርግላስ አይበሰብስም የሚለው እምነት ግማሽ እውነት ነው። ከመስታወት ክርና ከሬዚን የተሠራው ቅርፊት በእርግጥ አይበሰብስም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በአሜሪካ ከተሠሩት ትናንሽ የሞተር ጀልባዎች ብዙዎቹ በቅርፊታቸው ውስጥ እንጨት አለ፤ በተለይም ሞተሩ በሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ፣ ባለሙያዎች ትራንሰም በሚሉት ክፍል። የሞተሩን ክብደትና ግፊት የሚሸከመው በሁለት የፋይበርግላስ ገጾች መካከል የተጣበቀው ኮምፖርሳቶ ነው። እርሱ ሲበሰብስ የውጪው ገጽ እንዳማረ ይቆያል። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር የቆየ አነጋገር አለው፦ ውስጡን ለቄስ።

በሳን ሆዜ የሚኖር አንድ የሶፍትዌር መሐንዲስ፣ ልጅነቱን በባሕር ዳር ያሳለፈ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የተሠራች አሥራ ዘጠኝ ጫማ ርዝመት ያላት ጀልባ ነበረችው። ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣው ወደ አንደርሰን ሐይቅ ነበር፤ በሳንታ ክላራ አውራጃ ትልቁ የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። በፌብሩዋሪ 2020 የፌዴራሉ የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን፣ ግድቡ ከርዕደ መሬት አደጋ የተነሣ ስለሚያሠጋ ውኃው እንዲለቀቅ አዘዘ፤ በኦክቶበርም ማፍሰሱ ተጀመረ። ጀልባዋ በተጎታቿ ላይ እንዳለች በግቢው ቀረች፤ ከ2022 ወደ 2023 የተሻገረውን እጅግ ዝናባማ ክረምትም ሳትሸፈን አሳለፈች።

የጀልባ ጠላት ባሕር ይመስላል፤ ለእንጨት ግን ከባሕር ይልቅ ዝናብ ይከፋል። ጨው እንጨት የሚበላውን ፈንገስ ያዳክመዋል፤ ጨው አልባው የዝናብ ውኃ ግን ያለመልመዋል። በአንዲት የብሎን ቀዳዳ የገባ ውኃ መውጫ የለውም፤ ውኃን ከውጪ እንዲከላከል የተሠራው ቅርፊት ከውስጥ አፍኖ ይይዘዋልና።

ጉዳቱን ያገኙት በኦክላንድ ለብዙ ዓመታት በአናጢነት የኖሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ መቱት፤ ከላይ ጥርት ያለው ድምፅ ወደ ሞተሩ ማሰሪያ ሲወርድ ደነዘ። ከዚያም ከውስጥ በኩል በትራፓኖ ሦስት ትናንሽ ቀዳዳዎች ከፈቱ። የወጣው ብናኝ ጥቁርና እርጥብ ነበር፤ የቡና አተላ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ቀዳዳዎቹን በሲልከን ብንደፍናቸውስ?» አለ ባለጀልባው።

«ልጄ፣ ውኃው እኮ አስቀድሞ ገብቷል። አሁን የምትደፍነው እንዳይወጣ ነው» አሉት።

የነገሩ መነሻ በብሎኖቹ አቀማመጥ ላይ ተጽፎ ነበር። የቀድሞው ባለቤት አሮጌውን ባለ ሁለት ምት ሞተር አንሥቶ ከባድ ባለ አራት ምት ሞተር ሲያስር አዲስ ቀዳዳዎችን በስቷል፤ የቀድሞዎቹን ግን ላይ ላዩን በማሸጊያ ብቻ አልፏቸዋል። የሞተሩ ለውጥ በራሱ ጥሩ ነበር። አሮጌዎቹ ሞተሮች ከሚወስዱት ነዳጅ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥሉ ወደ ውኃው ይለቁ ነበር። የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ በ1998 ያጸደቀውና ከ2001 ጀምሮ ለሚሠሩ ሞተሮች የዋለው ደንብ ያነጣጠረው በዚህ ብክነት ላይ ነው። ደንቡ የተመለከተው ግን ሞተሩን ነው። ለቀላል ሞተር የተሠሩ አሮጌ ግድግዳዎች በጊዜ ብዛት ከባዱን መሸከም ሲጀምሩ፣ ቀዳዳው እንዴት ይታሸግ የሚለው ጥያቄ ለየባለቤቱ ጥንቃቄ ተተወ።

ባለጀልባው ፊት የቀረበው የመጀመሪያው መንገድ ቀላል ነበር፤ ቀለም ቀብቶ መሸጥ። ካሊፎርኒያ ለመኪና የጭስ ምርመራ ትጠይቃለች፤ የጀልባ ስም ዝውውር ግን ስለ አካሏ ጥንካሬ አንዳች ምርመራ አይጠይቅም። ገዢው የሚያየው የሚያብረቀርቅ ገጽ ነው። ግድግዳው በማዕበል መካከል ቢከዳ ግን ሞተሩ ተገንጥሎ ሊወድቅ፣ ጀልባዋም ከኋላ ተከፍታ ቀዝቃዛውን የሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ውኃ ልትሞላ ትችላለች። በውስጧ የሚቀመጡት የሌላ ሰው ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው መንገድ የት እንደሚያደርስ ለማየት በኦክላንድና በአላሜዳ መካከል ያለውን የባሕር ወሽመጥ መመልከት ይበቃል። በዚያ የተተዉ ጀልባዎች ለዓመታት ሰምጠው ነዳጅና ቀለማቸውን ሲለቁ ኖረዋል። ከ2013 ጀምሮ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲና የግዛቱ ካልሪሳይክል በሕዝብ ገንዘብ ጎታች መርከቦችን ሳይቀር ከሥሩ አውጥተዋል። የግዛቱ ሕግ ጀልባ ጥሎ መሄድን ከ1,000 እስከ 3,000 ዶላር ያስቀጣል፤ ነገር ግን ጀልባዋ ከእጅ ወደ እጅ በጥሬ ገንዘብ ከተላለፈች በኋላ የመጨረሻውን ባለቤት ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ግዛቱ ሴቭ በሚባለው መርሐ ግብር፣ ባለቤቶች ጀልባቸውን በፈቃዳቸው እንዲያስረክቡ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቶች ድጋፍ ይሰጣል። ይህ ክብር ያለው መውጫ ነው። ቢሆንም የጀልባዋ ወለልና ጎኖች ጤነኛ ነበሩ፤ ባለጀልባውም መጠገንን መረጠ።

ሥራው ስምንት ቅዳሜዎችን ወሰደ። ሞተሩ በማንሻ ወረደ፤ የውስጠኛው ገጽ ከዳር ዳር ጥቂት እየተተወ ተቆረጠ፤ የበሰበሰው እንጨት በመሮ እየተፈለፈለ ወጣ። ከሁሉ የከፋው ሞረዱ ነው፤ የመስታወት ብናኝ ለሳንባም ለቆዳም ጠንቅ በመሆኑ ያለ መተንፈሻ ጭምብል አይሠራም። የቀረው ቅርፊት እስኪደርቅ ተጠበቀ። ከዚያ በካርቶን ልክ ተወስዶ፣ እያንዳንዱ ወደ 19 ሚሊሜትር የሚወፍር ሁለት የባሕር ኮምፖርሳቶ ተቆርጦ በኢፖክሲ ተጣበቀ፤ ጠርዞቹም እስኪጠግቡ ኢፖክሲ ጠጡ። ኢፖክሲው የተመረጠው ከአሮጌ ፖሊስተር ጋር ከአዲስ ፖሊስተር ይልቅ አጥብቆ ስለሚያያዝ ነው። እንጨቱ በወፍራም ኢፖክሲ ላይ ተቀምጦ በሞርሳ ተጠበቀ፤ ማዕዘኖቹ ተሞልተው ክብ ቅርጽ ያዙ፤ ከዚያም የመስታወት ጨርቅ አንዱ ከሌላው እየሰፋ በጎኖቹና በወለሉ ላይ ተነጠፈ። ግድግዳው ጭነቱን ወደ መላው አካል የሚያስተላልፈው በዚህ ንጣፍ ነውና፣ አዛውንቱ በዚህ ላይ አልቸኮሉም።

የብሎኖቹ ተራ ሲደርስ እያንዳንዱ ቀዳዳ ከሚፈለገው በላይ ሰፍቶ ተበሳ፤ በኢፖክሲ ተሞላ፤ ሲደርቅ መካከሉ በልኩ እንደገና ተበሳ። በዚህ መንገድ ብሎኑ እንጨቱን ከቶ አይነካም። ይህ ከሥራው ሁሉ ርካሹ ክፍል ነው፤ የቀድሞው ባለቤት አድርጎት ቢሆን ኖሮ ስምንቱ ቅዳሜዎች ባላስፈለጉ ነበር።

ባለጀልባው ያደገበት የጣና ሐይቅ ሌላ ዓይነት ጀልባ ያውቃል። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ውኃ እየጠጣ እንደሚከብድ ማንም አይሸሽግም፤ ዓሣ አጥማጁ ከሐይቁ ሲወጣ በዳርቻው ያደርቀዋል፤ ከወራት በኋላ ሲደክም በሌላ ይተካዋል፤ አሮጌው ወደ አፈር ይመለሳል። የታንኳ ዕድሜ አጭር ቢሆንም የሚታወቅ ነው፤ ስለሚታወቅም ወጪው ባለቤቱ ዘንድ ይቀራል። ፋይበርግላስ ዕድሜውን ከባለቤቶቹ ዕድሜ አስረዘመ፤ አንዴ የጠነከረ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ዳግመኛ አይሠራም፤ መጨረሻው በአብዛኛው ቆሻሻ መጣያ ነው። ፈረንሳይ ከ2019 ጀምሮ አዲስ ጀልባ ለገበያ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ለአሮጌዎቹ ማፍረሻ እንዲያዋጡ አድርጋለች፤ የመጨረሻው ቀን ወጪ በመጀመሪያው ቀን ይታሰባል ማለት ነው። በካሊፎርኒያ ግን ሒሳቡ በአብዛኛው የሚመጣው ጀልባዋ ከሰመጠች በኋላ ነው።

በሁለቱ መካከል ከሁሉም ርካሽ የሆነ እርምጃ አለ፤ የማይታየውን መዝግቦ ከንብረቱ ጋር ማስተላለፍ። ባለጀልባው የእያንዳንዱን ንጣፍ ፎቶግራፍ፣ የእንጨቱን ውፍረትና የእያንዳንዱን ቀዳዳ ቦታ ጽፎ ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አስቀምጧል። ማንም አላስገደደውም። ሕጉ ቢጠይቅ ኖሮ የሚያስፈልገው ከዚህ ብዙ የሚበልጥ አልነበረም፤ አንድ ገጽ ቅጽና የሻጩ ፊርማ።