ማጅራትና ምስል

«ማጅራት ገትር» የሚለውን ስም ያወጡ ሰዎች የራስ ቅል ከፍተው አላዩም። ያዩት የተገተረ አንገትን፣ አገጩ ደረቱን አልነካ ያለውን ሕመምተኛ ነው። የዚህን ስም ቅንነት እወድለታለሁ፤ ያላየውን አየሁ አይልም።

ወደ ውስጥ የማየት ምኞት ግን ብዙ አስከፍሏል። ራጅ አጥንቱን እንጂ አንጎሉን አጥርቶ ስለማያሳይ፣ አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1919 ከወገብ በመርፌ አየር አስገብቶ አንጎልን በራጅ ማንሳት ጀመረ። ሕመምተኛው ከምርመራው የሚተርፈው ብርቱ ራስ ምታትና ትውከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 መሐንዲሱ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የፈለሰፈው ሲቲ ስካን ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የአንዲት ሴትን አንጎል ያለ መርፌና ያለ ምላጭ አሳየ።

የሚገርመው፣ ማጅራት ገትር ራሱ በሲቲ ስካን ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ምስሉ ጤነኛ መስሎ ሳለ ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል፤ እውነቱን የሚናገረው ከወገብ የሚቀዳው ፈሳሽ ነው። ምስል ጌታ የሚሆነው መግል በአንጎል ሽፋኖች መካከል ሲቋጥር ነው። ያኔ ደግሞ መርፌው ራሱ አደገኛ ነው፤ በግፊት የተወጠረ አንጎል ወደ ታች ሊንሸራተት ይችላልና።

ይህን የተማርኩት በእኅቴ ልጅ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የሰነበተው የሳይነስ ሕመሙ ወደ ትኩሳትና ወደ ራስ ምታት ተሸጋገረ፤ ግራ እጁም ዛለ። የመጀመሪያው ሲቲ ስካን ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም። ምስሉን ያነበበችው ሐኪም ግን የእጁን መዛል ከምስሉ ዝምታ አስበልጣ አመነች፤ ኤም አር አይ ይነሣ አለች። መሣሪያው ባለበት ከተማ መገኘታችን ዕድል ነበር።

መግል ወፍራም ነው፤ በውስጡ ያለው ውኃ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ኤም አር አይ ይህንን የውኃ መታሰር በአንደኛው የምስል ዓይነት ቦግ ባለ ነጭነት ያሳያል። በልጁ ራስ ቀኝ ጎን፣ አንጎሉን ታኮ፣ እንደ አዲስ ጨረቃ የቀጠነ ነጭ መስመር ነበር። እኅቴ ምንነቱን ስትጠይቅ ሐኪሟ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ረጅም ስም ትታ፣ «መግል ነው እናቴ፤ ዛሬውኑ መውጣት አለበት» አለቻት።

በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ግራ እጁ ስኒ ጨብጦ እስኪያነሣ ሁለት ወር ፈጀበት።