ወደቡን ማደስ ወይስ ሐይቁን መጠበቅ?

ሰሞኑን አክስቴ ከደቅ ደሴት ለሕክምና መጥታ ኮልፌ ቀራንዮ ከሚገኘው ቤታችን ሰንብታ ነበር። አንድ ምሽት እ.ኤ.አ. በ2025 ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ወደ ጣና ስለመጣችው «ጣና ነሽ ሁለት» አጫወትኳት። ስለ መርከቧ ውበት ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ የጠየቀችኝ ስለ ወደቡ ነው። «ወደቡስ ጥላ አለው? መጸዳጃስ? ደግሞ ልጄ፣ ውሃው ሲጎድል መርከቧ የት ልትቆም ነው?»

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ወዲያው ተረድቻቸዋለሁ። ስትመጣ የተቀበልኳት ስሙን ከማልጠቅሰው፣ ታደሰ ከተባለ አንድ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነበር። በሩ አምሯል፤ ግንቡ ተቀብቷል፤ ወለሉ ያንጸባርቃል። መጸዳጃው ግን ተቆልፏል፤ መቀመጫም የለም። አክስቴ በያዘችው ጆንያ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እድሳቱ በመኪና ለሚያልፍ እንጂ ቆሞ ለሚጠብቅ አልታሰበም።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን ከእኔም፣ ከብዙ ዕቅድ አውጪዎችም አርቆ የሚያይ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የተንጣለለ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለሆነም ውሃው ጥቂት ዝቅ ሲል ዳርቻው ሩቅ ይሸሻል። መርከቦች ያለ ችግር እንዲንቀሳቀሱ ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,784.75 ሜትር በታች መውረድ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን ከዚህ በታች ወረደ፤ መርከቦቹም ለአራት ወራት ያህል ቆሙ። ጥፋቱ የድርቅ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1996 በሐይቁ መውጫ በተሠራው የጨረጨራ ግድብ በኩል ለኃይል ማመንጫ የተለቀቀው ውሃም ድርሻ ነበረው። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ከዚያው ሐይቅ መቅዳት ጀመረ። በ2011 ገደማ እምቦጭ የተባለው አረም ታየ።

መብራት አያስፈልግም የሚል ሞኝ የለም፤ እኔም ይህን የምጽፈው በመብራት ነው። ነገር ግን ኃይል የሚያመነጨው፣ መስኖ የሚያለማው፣ አረም የሚነቅለውና መርከብ የሚያንቀሳቅሰው ሁሉ ከአንድ ሐይቅ ይጠጣል። ውሃው ሲከፋፈል ስለ ተሳፋሪው የሚናገር ማን ነው? በባሕር ዳር ወይም በጎርጎራ ወደብ ሲታደስ በእብነ በረድ ቢነጠፍ፣ በዛፍ ቢከበብ፣ ደስ ይለናል። ውሃው ከመቆሚያው ርቆ ከሄደ ግን የታደሰው ወደብ ሳይሆን የመናፈሻ ሰገነት ነው።

የደሴት ሰው መንገዱ ውሃ ነው። ለከተሜው የሽርሽር ጀልባ ስትቀር የሚቀረው ፎቶግራፍ ነው፤ ለደቅ ሰው መርከብ ስትቀር የሚቀረው ሐኪም፣ ገበያና ትምህርት ቤት ነው። እንግዲህ ወደብ የሚያድስ ሁሉ ከቀለሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጻፍ፤ ጥላና መቀመጫ፣ የማይቆለፍ መጸዳጃ፣ በክረምትም በበጋም ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል መሳፈሪያ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመርከብ የሚቀረው የውሃ መጠን በደንብ ይታሰር።

አክስቴ ትናንት ተመልሳለች። ስሸኛት «ውሃው ይኑር እንጂ በታንኳም እንሻገራለን» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።