ሰባት መቶ ዓመት ተማርኮ የኖረ ድንጋይ

አገር ለማየት የሚነሣ ሰው ዓይኑን ብቻ ይዞ ቢሄድ ብዙ ነገር ያልፈዋል፤ የአገሩን ሕዝብ ኀዘንና ደስታ አስቀድሞ የተረዳ ግን በጥቂት ነገር ብዙ ያያል። ስለዚህ ወደ ስኮትላንድ ለመሄድ ያሰበ ሰው ተራራውንና ሐይቁን ከማየቱ በፊት የአንድ ድንጋይ ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ ኤውሮጳውያን ነው።

ድንጋዩ የስኮን ድንጋይ ይባላል። መልኩ ወደ ቀይ ያደላ፥ ክብደቱ 152 ኪሎ የሚያህል፥ በሁለት ጫፉ የብረት ቀለበት ያለበት፥ ከአንድ የመስቀል ምልክት በቀር ጌጥ የሌለው ነው። ነገር ግን የጥንት የስኮትላንድ ነገሥታት የሚነግሡት በእርሱ ላይ ተቀምጠው ነበር። ያዕቆብ በቤቴል ተንተርሶት የተኛው ድንጋይ ይህ ነው የሚል ትረካም ከጥንት ጀምሮ አለ። የድንጋይን ባሕርይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ግን ከዚያው ከስኮን አቅራቢያ የተፈለጠ መሆኑን አስረድተዋል፤ ሕዝቡም ይህን ሰምቶ ፍቅሩን አልቀነሰም።

በ1296 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ ስኮትላንድን ወግቶ ድንጋዩን ወደ ሎንዶን ወሰደው፤ በዌስትሚንስተር ገዳምም ከመቀመጫው በታች ድንጋዩን የሚይዝ የእንጨት ዙፋን አሠራ። ይህን ያደረገው ድንጋይ ቸግሮት አይደለም፤ ስኮትላንድ ዳግመኛ ንጉሥ እንዳታነግሥ አስቦ ነው እንጂ። በ1950 ዓ.ም. በልደት በዓል ሌሊት አራት የስኮትላንድ ተማሪዎች ወደ ገዳሙ ገብተው ድንጋዩን አወጡት፤ ሲያወጡትም ለሁለት ተከፈለ። በ1951 ዓ.ም. ተጠግኖ በአርብሮዝ ገዳም ፍርስራሽ፥ በመሠዊያው ስፍራ ተቀምጦ ተገኘ። ይህም ገዳም በ1320 ዓ.ም. የስኮትላንድ መኳንንት ስለ ነጻነታቸው ለሮማው ጳጳስ የላኩት ደብዳቤ የተጻፈበት ነው። ድንጋዩ ወደ ሎንዶን ተመለሰ፤ ተማሪዎቹ ግን አልተከሰሱም።

በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም.፥ በተወሰደ በ700 ዓመቱ፥ መንግሥት ፈቅዶ ወደ አገሩ ገባ፤ በአገሪቱ ጠባቂ በቅዱስ እንድርያስ በዓል ቀንም በኤዲንብራ አምባ ተቀመጠ። በ2023 ዓ.ም. ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ዘውድ ሲጭኑ ለጥቂት ጊዜ ወደ ሎንዶን ሄዶ ተመለሰ፤ ከ2024 ዓ.ም. ጀምሮ በስኮን አጠገብ በፐርዝ ከተማ ሙዚየም ይታያል።

ኢትዮጵያዊ መንገደኛ ከፐርዝ ሲመለስ በኤዲንብራ ወደ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጎራ ቢል መልካም ነው። በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተዘረፈው ንዋየ ቅድሳት አንዱ ታቦት በዚያ ቤተ ክርስቲያን በቁም ሣጥን ውስጥ ተዘግቶበት ኖሮ በ2001 ዓ.ም. ተገኘ። የቤተ ክርስቲያኑም ሰዎች ይመለስ አሉ እንጂ የእኛ ነው አላሉም፤ በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። የራሱን ድንጋይ ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ የሌላውን ናፍቆት ማወቁ አያስደንቅም።

እንግዲህ በፐርዝ በድንጋዩ ፊት የቆመ መንገደኛ፥ ይህን ያህል የተለፋው ለዚህ ነውን ብሎ አይሳቅ። የራሱ አገር ሰው ገና ያልተመለሰለትን ነገር ያስብና ቆቡን አውልቆ ይለፍ።