ያ የማያልቀው ጩኸት

የወንድሜ ልጅ ባለፈው ክረምት ከቶሮንቶ መጥቶ እኛ ዘንድ ሲሰነብት፣ ቀኑን ሙሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ነደባው ላይ ጋደም ይል ነበር። አባቱ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ቤታችን ከጊደር መጋላ ቁልቁል በሚወርደው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው፤ የሥጋ ሻጩ ጥሪ፣ የገበያተኛው ክርክር፣ ሥጋ ሊነጥቅ የሚያንዣብበው የጭልፊት ፉጨት ሁሉ እቤት ድረስ ይገባል። ልጁ ግን አንዱንም አይሰማም። እውነቱን ለመናገር ተቀየምኩት። ወንድሜን አፈር ያለበሱት እነሱ ናቸው፤ እኔ አልነበርኩም። ስለ መጨረሻ ቀኖቹ አንድ ነገር ያወራኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ ዝም፣ ጭጭ።

አንድ ቀን «ለመሆኑ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስረሳህ?» አልኩት። ማዳመጫውን አውልቆ ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ።

ጩኸት ነው። ጊታሩ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስላል። ከበሮው ይጋልባል። ከሩቅ አንድ ሰው ያለቅሳል ወይም ይራገማል፤ ቃሉ አይለይም። «ብላክ ሜታል ይባላል» አለኝ። አልበሙ «ኢም ቫልት»፣ በኛ «በጫካ ውስጥ» ነው፤ ፔይዛዥ ዲቬር በሚል ስም የሚጫወት አንድ ስዊዘርላንዳዊ ብቻውን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2020 አወጣው። 13 ቁራጭ፣ 120 ደቂቃ ያህል።

«ለምን ይህን ያህል ረዘመ?»

«አጎቴ፣ አጭር ዘፈንማ ገና ማዘን ስጀምር ያልቅብኛል።»

ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማዳመጫውን ላወልቅ ስል እጄ ቆመ። ያው ድምፅ ተመልሶ ተመልሶ ሲመጣ ጆሮ መታገሉን ይተዋል፤ ያኔ ከሥር ተቀብራ የነበረች ቀጭን ዜማ ብቅ ትላለች። ይህን የት ነው የማውቀው?

ልጅ ሳለሁ አያቴ ሐሙስ ማታ ለዚክሪ ወደ አዋች፣ ማለት ወደ ወልዮች ቦታ ስትሄድ ታስከትለኝ ነበር። ዕጣኑ፣ ጫቱ፣ ቡናው፤ ከበል የሚባሉት እርስ በርስ የሚጋጩ እንጨቶች፤ ከረቡ የሚሉት ከበሮ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ኋላ እየፈጠነ፣ አንዱ ሐረግ እየተደጋገመ ሌሊቱ ይገፋል። ጭኗ ላይ እተኛለሁ፤ ስነቃ ያው ዚክሪ ነው። ዐረብኛው አይገባኝም፤ አለመግባቱም አልከፋኝም። አያቴ ሁለት ልጆች ቀብራለች። ቤት ውስጥ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እዚያ ግን፣ ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ማንም ዞር ብሎ ሳያያት ታለቅስ ነበር።

ይህን ስነግረው ልጁ ሳቀ። «እነዚህ እኮ አላህን የሚያወድሱ አይደሉም!» ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ከዚሁ ሙዚቃ ሰዎች አንዳንዶቹ ቤተ ክርስቲያን አቃጥለዋል፤ ነፍስም አጥፍተዋል። ዚክሪ ደግሞ ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚለው ነው፤ በዚያ ጫካ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን በበረዶ ይሄዳል። ሁለቱ አንድ ናቸው ለማለት አልደፍርም (አያቴ ብትሰማኝ በከዘራዋ ባለችኝ)። ርዝመቱ የሚሠራውን ሥራ ግን አወቅሁት። ለቅሶ ቤት መጥቶ «በርታ» ሳይል እስኪመሽ የሚቀመጥ ጎረቤት አለ አይደል? እንደዚያ ነው።

ማዳመጫው ለሁለት አይበቃምና ስልኩን ጮክ አድርጎ ከፈተው። ባለቤቴ ከጓዳ «ምኑን ነው የምትፈጩት?» አለች። ዘጠነኛው ቁራጭ ላይ ይመስለኛል፣ ልጁ ዓይኑን ጣሪያው ላይ እንደተከለ ስለ አባቱ የመጨረሻ ሳምንት ማውራት ጀመረ። ሙዚቃውን አልዘጋነውም።