በቦሌ በኩል የሚዞር ጎረቤት

ከአዲስ አበባው ቦሌ አየር ማረፊያ እስከ ነቀምቴ በአየር ቀጥታ ሲለካ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአምቦ፣ በጉደርና በባኮ አድርጎ የሚሄደው መኪና ግን 330 ግድም ይቆጥራል። ደምቢ ዶሎ ደግሞ በአየር 440፣ በመንገድ 650 ገደማ ትርቃለች። መሐንዲሱን አንውቀሰው፤ መሬቱ ነው እንዲህ የሚያዞረው። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው ከ2000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ዴዴሳ ቆላ ይወርዳል፤ ሹራቡን አውልቆ ድልድዩን ይሻገርና የወረደውን መልሶ ይወጣል። አውሮፕላኑ ቁልቁለቱንም ዳገቱንም አያውቃቸውም። ካርታ ላይ ማስመሪያ ዘርግቶ እነዚህ ከተሞች ያሉበት ወለጋ ቅርብ ነው የሚል ሰው ታዲያ አይፈረድበትም።

አውሮፕላኑ በሰዓትም በዚያው ልክ ያቀርበናል ቢለኝ ግን አልስማማም። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ኪው 400 አውሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ የነቀምቴው ርቀት በስሌት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለመነሣት መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙና ለማረፍ መዞሩ ይጨመርበት። በላዩ ቦሌ ለመድረስ የሚፈጀው የታክሲ ጊዜ፣ የፍተሻው ሰልፍ፣ ሻንጣ ማስመዘኑና የጥበቃው ሰዓት አለ። ለንደን ለሚሄድ መንገደኛ ይህ ሁሉ ከበረራው አንጻር ከቁጥር አይገባም፤ ነቀምቴ ለሚሄደው ግን ከበረራው ይበልጣል። የአውሮፕላን ፍጥነት በአጭር መንገድ ላይ አብዛኛውን ጥቅሙን የሚያጣው በዚህ ነው። ጊምቢ ላይ ያለው ተሳፋሪማ ነቀምቴ ገብቶ ለመሳፈር አስቀድሞ 110 ኪሎ ሜትር መንዳት፣ ያንኑ ዴዴሳን መሻገር አለበት።

ከዚህ የሚብሰው የጎረቤቶቹ ነገር ነው። ነቀምቴና ደምቢ ዶሎ በአየር የሚራራቁት 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቦሌ በኩል ዞሮ የሚበር ሰው ግን 690 ያህል ይጓዛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው፤ የአውሮፕላን ማረፊያ የተሠራለት ከተማ ሁሉ የሚቀርበው ለዋና ከተማዋ ነው፤ ለጎረቤቱ ግን እንደራቀ ይቀራል። የእህልና የዝምድና ጉዞ ግን በጎረቤታሞቹም መካከል አለ።

ታዲያ የነቀምቴ ማረፊያ ባይሠራ ይሻል ነበር ወይ? አይሻልም። ሐኪም አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የላከው በሽተኛ አምቦ ላይ ማደር የለበትም፤ ባለፉት ዓመታት በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ አየሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ወለጋ ራሱ አይቷል። ሌላው ክርክር የገንዘብ ነው፦ ከነቀምቴ ደምቢ ዶሎ በየቀኑ አውሮፕላን የሚሞላ ሰው የለም፣ ባዶ ወንበር ይዞ መብረር ኪሳራ ነው ይባላል። ይህንንም እቀበላለሁ። ግን አየሩ ጎረቤትን ከጎረቤት ማገናኘት ካላዋጣው ሥራው በመንገዱ ላይ ይወድቃል፤ መንገዱ ደግሞ ማረፊያ ተሠርቷል ተብሎ ሊዘነጋ አይገባም። ስለዚህ የነቀምቴ ማረፊያ ጥቅም ሲነገረን የምንጠይቀው አንድ ነገር ይሁን፦ ከዴዴሳ ማዶ ካለችው ከነጆ በጠዋቱ መኪና የተነሣ ሰው ለበረራው ይደርሳል? የማይደርስ ከሆነ ቀጣዩ በጀት መሄድ ያለበት ወደ ዴዴሳ መንገድ ነው።