ተጓዡ ዓሣና ሁለቱ ጎረቤቶች

አንባቢ ሆይ፤ እስኪ የአውሮፓን ካርታ ዘርግተህ ጣትህን በኖርዌይ ዳርቻ ወደ ሰሜን አሂድ። በታኅሣሥ ፀሐይ ከማትወጣበት አገር ስትደርስ፥ ከባሕር ውስጥ እንደ ጥርስ ብቅ ብቅ ያሉ ተራሮች ታገኛለህ። ሎፎተን የሚባሉት ደሴቶች እነዚህ ናቸው። ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቅ ያለ የባሕር ወራጅ ስለሚያልፍባቸው ወደቦቻቸውን በረዶ አይዘጋቸውም።

በመጋቢት ወደ ሄኒንግስቬር ወይም ወደ ስቮልቬር ብትደርስ መጀመሪያ የሚቀበልህ ሽታው ነው። በባሕሩ ዳር ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የእንጨት ቆጥ ተደርድሮ፥ ራሱ የተቆረጠ ዓሣ ሁለት ሁለቱ በጭራው እየታሰረ ተሰቅሎበታል። ጨው የለው፥ ጢስ የለው፤ የሚያደርቀው ነፋስና ብርድ ብቻ ነው። የእኛን ቋንጣ የሚያውቅ ሰው ሥራው እንግዳ አይሆንበትም፤ በርበሬው ግን ይጎድለዋል። ዓሣው እንደ እንጨት ከደረቀ በኋላ አብዛኛው ወደ ኢጣሊያ ይሄዳል፤ ራሱ ደግሞ ለብቻው ደርቆ ለናይጄሪያ ወጥ ይጫናል። ምላሱን የሚቆርጡት የመንደሩ ልጆች ናቸው፤ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ቢላዋቸውን ይዘው ይመጣሉ፥ ገንዘቡም የራሳቸው ነው። የቤት ሥራቸውን መቼ እንደሚሠሩ፥ መምህር ነኝና ሳልጠይቅ አላልፍም።

ዓሣው ኮድ ይባላል። እንቁላል ሊጥል የሚመጣውን ግን የአገሩ ሰዎች ስክሬይ ይሉታል፤ ከጥንት ቋንቋቸው የወረደ ሲሆን ተጓዥ እንደ ማለት ነው። ከባሬንትስ ባሕር ተነሥቶ እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ድረስ ይዋኛል። አንዲቱ እናት ዓሣ እንቁላል የምትጥለው በሚሊዮን ነው። እንቁላሉም በውኃው ላይ ተንሳፍፎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይነዳል፤ የሚፈለፈሉትም በባሬንትስ ባሕር፥ ብዙዎቹ በሩሲያ በኩል ባለው ውኃ ያድጋሉ። እንግዲህ ነገሩን አስተውል፤ በኖርዌይ ቤት ተወልዶ በሩሲያ ቤት የሚያድግ ዓሣ ነው። ሩሲያ ታናናሹን ብትጨርስ የኖርዌይ ቆጥ ባዶውን ይቀራል፤ ኖርዌይ እናቶቹን ብትጨርስ ሩሲያ የምታሳድገው አታገኝም።

ስለዚህ ኖርዌይና ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1975 ተዋዋሉ፤ በ1976ም የጋራ ኮሚሲዮናቸው ተሰበሰበ። አንደኛዋ የኔቶ አባል፥ ሁለተኛዋ የኔቶ ባላጋራ መሆናቸውን አትርሳ። የባሕር ድንበራቸውን እንኳ የተፈራረሙት በ2010 ነው። ሊቃውንት ዓሣውን ገምተው ምክር ይሰጣሉ፤ የሌሎች አገሮች ድርሻ ከተነሣ በኋላ የቀረው ኮድ እኩል ለሁለት ይካፈላል።

አስቸጋሪው ክፍያው ሳይሆን ቁጥጥሩ ነው። ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት አንዳንድ መርከቦች ያጠመዱትን በባሕር መካከል ለሌላ መርከብ እያስተላለፉ፥ ሳይቆጠር በሩቅ ወደቦች ያራግፉት ነበር። በ2007 የሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ አገሮች አንድ ደንብ አወጡ፤ የመርከቡ መንግሥት ዓሣው በድርሻው ውስጥ የተያዘ መሆኑን ካላረጋገጠ ወደቡ ማራገፍን አይፈቅድም። ስርቆቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ረገበ። የጦር መርከብ ያላስቆመውን ነገር በወደብ ቢሮ የተቀመጠ ጸሐፊ በአንድ ቅጽ አስቆመው ማለት ነው! በመሥሪያ ቤት ወረቀት የሰለቸህ ወጣት ይህን ልብ በል።

በ2013 የተፈቀደው ኮድ 1,000,000 ቶን ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓሣው እያነሰ ሄደ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሣ ለባሕሩ ምክር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የሊቃውንት ጉባኤ የሩሲያን ተሳትፎ አገደ፤ የሁለቱ አገሮች ሊቃውንት ግን ግምቱን ለብቻቸው አብረው መሥራታቸውን ቀጠሉ። ለ2025 የተስማሙበት 340,000 ቶን ብቻ ሲሆን፥ ከ1991 ወዲህ እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ዝቅ ብሎ አያውቅም ነበር። በጦርነት ጊዜ ከጠላት ወዳጅ ጋር ተቀምጦ የራስን እንጀራ መቀነስ ቀላል አይደለም፤ ቢጣሉ ግን ዓሣውን ማን ይቆጥረዋል?

ለመሄድ ካሰብህ ወፍራም ካፖርት ያዝ። ስክሬዩን ከጉበቱና ከእንቁላሉ ጋር ቀቅለው ያቀርቡልሃል፤ ጉበቱን ስታይ አትሸሽ፥ ከድንቹ ጋር ቅመሰው።